ቤተ ክርስቲያን አይሳሙ

ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ፦ ያንን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ በጥቁር ማርከር፣ መስመሩን በማስመሪያ አስምሬ። ጽሕፈቱ ደግሞ እንዴት ያምር ነበር! ከሁሉ በላይ የሚያበግነኝ እሱ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል የጨረስኩበት ክረምት ነው። ክረምት የምለው እቤታችን እንደዚያ ስለሚባል ነው እንጂ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲያትል አቅራቢያ ኦበርን ነው፤ አባቴ ዌርሃውስ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፣ እናቴ ታኮማ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ቀን ቀን እቤት የምንቀረው እኔና እትዬ ነን። እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናቴ "እትዬ" ስለምትላቸው እኔም እትዬ አልኳቸው፤ ማንም አላረመኝም። አዲስ አበባ ሳሉ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበሩ። አማርኛ መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ያውም በቁጣ። "ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ የማይለይ ሰው ስሙን እንዴት ይፈርማል?" ይላሉ።

እትዬን አንድ ነገር ቸግሯቸው ነበር። አገር ቤት ጧት ጧት ሥራ ሲሄዱ መንገዳቸው ላይ ያለውን የመልአኩን ደብር ሳይሳለሙ አያልፉም። ቢዘንብም፣ ቢያረፍዱም፣ አለቃቸው ሰዓት ይዞ ቢጠብቃቸውም ደጁን ስመው ነው የሚያልፉት። እዚህ ግን የእኛ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሲያትል ነው፤ እሱም እሑድ፣ አባቴ እንቅልፉን ካሸነፈ። የቀሩትን ስድስት ቀኖች እትዬ የአፓርታማችንን ፓርኪንግ ሲያዩ ይውላሉ። አንድ ቀን መስኮቱ ላይ ቆመው "እንዲያው የሚሳም በር የጠፋበት አገር" ሲሉ ሰማኋቸው። ለራሳቸው ነበር የሚያወሩት።

ሶ፣ ትምህርት ቤቴ ደግሞ የበጎ ፈቃድ ሰዓት ያላሟላ ተማሪ አይመረቅም ይላል። ጓደኞቼ የውሻና የድመት መጠለያውን ተሻምተው ያዙት። ለእኔ የተረፈኝ ከኦበርን ወጥቶ ወደ ተራራው በኩል፣ ላምና በቆሎ ብቻ ያለበት መንደር ውስጥ የቆመ አሮጌ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅርስ ነው ይባላል። ረቡዕ ረቡዕ ለጎብኚ ይከፈታል፤ ሥራዬ አግዳሚ ወንበሮቹን መወልወል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ ያለበትን መጣጥፍ ማደልና "እንኳን ደህና መጣችሁ" ማለት ነው። አባቴ ከፈረቃ ሲወጣ ያደርሰኛል፤ ከዚያ መኪናውን ዛፍ ጥላ ስር ፓርክ አድርጎ እስክጨርስ ይተኛል። እኔም በሁለተኛው ረቡዕ "እትዬ፣ ለምን አብረን አንሄድም? ቢያንስ ላም ያያሉ" አልኳቸው።

"ላም አይቼ አውቃለሁ" አሉ። ነጠላቸውን ግን ወዲያው አነሡ።

ቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ነው። ከአናት እስከ እግሩ እንጨት፣ ጣራው ላይ ሽበት የመሰለ አረንጓዴ ነገር የበቀለበት፣ በቆሎው መሐል ብቻውን የቆመ። ዙሪያውን መቃብር ነው፤ ድንጋዮቹ እንደ ሰከረ ሰው ወደዚህም ወደዚያም አዘንብለዋል። ከመንገዱ ሲገባ መጀመሪያ ጣራ የለበሰ የእንጨት የግቢ በር አለ። ዋናው በር ግን ሌላ ነው፤ ወፍራም፣ ጥቁር ብረት የታጠቀ፣ ሲገፉት እንደ ሽማግሌ የሚያቃስት።

ቁልፉን የሚይዙት አንድ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ሱሪያቸውን በማንገቻ ወደ ላይ ይስቡታል፣ ወገባቸው ላይ የቁልፍ መዓት ይንሿሿል። እኔና እትዬ ባለቁልፉ እንላቸዋለን። አንቱ እያልኩ የምጽፈው እትዬ ይህን ስለሚያነቡት ነው። ያን ሰሞን በልቤ አንተ ነበር የምላቸው፤ እሱም በደኅናው ቀን።

እትዬ ግቢው በር ላይ ቆም አሉና "የማን ናት?" አሉኝ።

ወደ ባለቁልፉ ዞሬ "አክስቴ ይህ ቤተ ክርስቲያን የማን ነው ትላለች" አልኩ።

"የሀገረ ስብከቱ ንብረት ነው" አሉ፤ ቦታው ሊሸጥ መስሏቸው ነው መሰለኝ ደንገጥ ብለው።

"እንደሱ አይደለም። የማን ታቦት… ማለቴ በማን ስም ነው የተሠራው?"

"ኦ! የመልአኩ ነው" ብለው የመልአኩን ስም ነገሩኝ። እሱ ራሱ ነው! ወር በገባ በአሥራ ሁለት የሚታሰበው፣ እትዬ አገር ቤት ጧት ጧት ደጁን ይስሙት የነበረው። እትዬ ስሙን ከእንግሊዝኛው መሐል ለይተው ሰሙትና አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። እልል አሉ። አባቴ መኪናው ውስጥ ባንኖ ሲነሣ ጭንቅላቱን ጣራው መታው።

ባለቁልፉ የመጣጥፉን ታሪክ በቃላቸው ነገሩን። መንደሩን ያቀኑት እንግሊዞች ለቢራ የሚሆን ሐረግ እያለሙ ነበር የሚኖሩት። አጥሩ ላይ አንዱ ሐረግ ዛሬም ዱር ሆኖ ወጥቷል፣ አሳዩን። "ቢራው እንዲመር የሚገባበት ቅጠል ነው" ብዬ ተረጎምኩ።

"ጌሾ በይኛ!" አሉ እትዬ። "ጠላ ጠማቂዎች ናቸዋ የሠሩት። ይሁና፣ መልአኩ ሰው አይመርጥም።"

ውስጥ ግን አልገቡም። "ሃይማኖታችን ሌላ ነው፤ ገብቼ እንደ ቱሪስት አላንጋጥጥም። ደጁን ግን ማን ይከለክለኛል?" አሉ። ያሉትን እዩልኝ! ማን ይከለክለኛል አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉ፣ በሩን በግንባራቸው ነኩት፣ ሳሙት፣ እንደገና ነኩት። ፊታቸው ላይ የነበረው ያ የፓርኪንግ ፊት በአንድ ጊዜ ለቀቃቸው። ከዚያም መቃብሩ መሐል ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የጸሎት መጽሐፋቸውን ገለጡ። ስንወጣ ደግመው ሳሙ። በሳምንቱም እንዲሁ፣ በሳምንቱም። ማክሰኞ ማታ ነጠላቸውን ሲተኩሱ ማየት ለምጄ ነበር።

አንድ ቀን ባለቁልፉ "አክስትሽ በሩ ጋ ምንድን ነው የሚያደርጉት?" አሉኝ።

እኔም በእንግሊዝኛ፣ ሳላስብበት፣ "ቤተ ክርስቲያን ልትስም ነው የምትመጣው" አልኩ።

"ልትስም?"

"አዎ፣ እንደሱ ነው የምንለው። ምን ማለት መሰልዎት…" ብዬ ስጀምር ብስክሌት የሚነዱ አራት ሰዎች መጡና መጣጥፍ ላድላቸው ሄድኩ። ዐረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም። አሁን ሳስበው በዚያ ክረምት የሆነው ሁሉ የሆነው ያን ዐረፍተ ነገር ስላልጨረስኩ ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁ ስንል ሄጄ መጣሁ ማለታችን ነው፣ እንግሊዝኛው ግን ይህን የት ያውቃል? ባለቁልፉ ጭንቅላት ውስጥ የቀረችው አንዲት ሴት ናት፣ ከሩቅ አገር መጥታ ሕንጻ የምትስም።

ከዚያ ቫዝሊኑ መጣ። እትዬ ከንፈራቸው ስለሚደርቅ ቫዝሊን ሳይቀቡ ከቤት አይወጡም። በሩ ላይ፣ ልክ በእሳቸው ቁመት፣ የምታብረቀርቅ ክብ ምልክት ወጣች። ከዚያ ሁለተኛ። ከዚያ ሦስተኛ። ባለቁልፉ እያቃሰቱ ጎንበስ ብለው በጨርቅ ሲያሹት አየሁ፤ ወንበር መወልወሌን ቀጠልኩ።

በአምስተኛው ረቡዕ ወረቀት ሰጡኝ። ታይፕ ተደርጓል። "እባክዎ ቤተ ክርስቲያኑን አይሳሙ። እናመሰግናለን" ይላል፣ በእንግሊዝኛ። "ኮሚቴው ተነጋግሮበታል" አሉ። ቀጥለው ደግሞ ፈገግ ብለው፣ ጥሩ ነገር እንዳሰቡልኝ ሁሉ፣ "በእናንተ ቋንቋ ብትጽፊው ደግሞ ይበልጥ ወዳጃዊ ይሆናል። ቃል በቃል፣ እንዳለ" አሉኝ።

ወዳጃዊ!

እስቲ ፍረዱኝ። ብስክሌተኞቹ ብስክሌታቸውን ግድግዳው ላይ ነው የሚያስደግፉት፤ ማስታወቂያ የለም። ሙሽሮች መጥተው መቃብር ላይ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፤ ማስታወቂያ የለም። አንድ ውሻ በዓይኔ በብረቱ፣ የደወሉ ቤት ማዕዘን ላይ፣ እግሩን አንሥቶ ሸንቷል፤ ባለቤቱ "ጎበዝ!" አለው፤ ማስታወቂያ የለም። በዚያ ሁሉ ዘመን ለዚያ በር ማስታወቂያ ያስፈለገው አንዲት ሴት ስለወደደችው ነው። የሚያነበው ሰው ደግሞ በመንደሩ ውስጥ፣ በቆሎውን ላሙን ጨምሮ፣ አንድ እትዬ ብቻ! ለገዛ አክስቴ ክልከላ እንድጽፍላት እኔን ማርከር አስያዙኝ።

ወደ ደወሉ ቤት ሄጄ እናቴን ኮል አደረግኳት። ምሳ ሰዓቷ ነበር።

"ምን አጠፋሽ?" አለች፣ ሃሎ እንኳን ሳትል።

"እኔ ምንም! እትዬን በሩን እንዳትስም ሊከለክሏት ነው! በአማርኛ ጻፊው አሉኝ!"

"ሶ ጻፊላቸዋ።"

"ማሚ!"

"ስሚ፣ የሰው ቤት ነው። የሰው ቤት ውስጥ አትቀመጡ ሲሉሽ ትቆሚያለሽ። ደግሞ ሰዓትሽን የሚፈርሙልሽ እሳቸው አይደሉ? ጻፊና ዝም በይ። ለእትዬ ማታ እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።"

ጻፍኩ። "እባክዎ ቤተ ክርስቲያን አይሳሙ። እናመሰግናለን።"

አውቀሽ ነው ወይስ ሳታውቂ ብለው እትዬ ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። እውነቱ ይህ ነው። ስጀምር አላወቅኩም። "አይሳሙ" የሚለውን ስጨርስ ግን ዓይኔ ላይ ዘለለ። በአማርኛ እኮ ይህ ሌላ ነው! ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ በትልቁ፣ በአክብሮት፣ "እባክዎ ቤተ ክርስቲያን አይሂዱ" ተብሎ ተለጠፈ ማለት ነው። "በሩን አይሳሙ" ማለት እችል ነበር። ማርከር አይፋቅም ብዬ ተውኩት። ውሸቴን ነው፤ ሌላ ወረቀት ነበር። ቃል በቃል አላሉም? ቃል በቃል ሰጠኋቸው። ንዴት ውስጥ ደስ የሚል ነገር አለ፤ ያን ቀን እሱን አገኘሁትና ለማን እንደምጽፍ ረሳሁት።

ባለቁልፉ አራቱን ማዕዘን በፕላስተር ለጠፉት። "ቆንጆ ጽሕፈት" አሉኝ።

እትዬ ሊሰናበቱ ሲመጡ ከሩቅ ነው ያዩት። "አማርኛ!" ብለው ርምጃቸውን አፈጠኑ። "አማርኛ ጻፉልን እኮ! የአንቺ እጅ ነው አይደል? አየሽ 'ክ'ዋን፣ አየሽ እንዴት እንዳቀናሻት…" መነጽራቸውን አደረጉ። ታይፒስት ነበሩና መጀመሪያ የሚያዩት ፊደሉን ነው። ሰ ልክ ናት፣ ነቁጡ ልክ ነው። ከዚያ ነው ያነበቡት።

ሳቁ። በሳቅ ወገባቸውን ያዙ። "ቤተ ክርስቲያን አትሂዱ ይላል እኮ! ምነው፣ ሃይማኖት ቀረ እንዴ? የምን ጉድ ነው ያጻፉሽ?"

እኔ አልሳቅኩም። ያኔ ዞር ብለው አዩኝ፣ ወረቀቱን አዩት፣ ሦስቱን ምልክቶች አዩአቸው። በሩ ላይ ሲያዩአቸው የመጀመሪያቸው ነበር መሰለኝ።

"እኔን ነው?" አሉ።

በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉ። እንደቆሸሸ ነገር፣ ደጋግመው። "ይቅር። እንሂድ" አሉና ሳይስሙ ወደ መኪናው ሄዱ።

በሚቀጥለው ረቡዕ እግሬን አሉ። በዚያኛው ረቡዕ ራሴን አሉ። እሺ፣ እሱስ ይሁን። እሑድ ግን አባቴ ተኝቶም ሳይጠግብ ተነሥቶ "እትዬ፣ ሲያትል ልንሄድ ነው፣ ይዘጋጁ" ሲላቸው፣ መስኮቱ ላይ እንደቆሙ "እባክዎ ቤተ ክርስቲያን አይሳሙ ተብሎ የለ?" አሉት። አባቴ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ነጠላው ግን ከቁም ሳጥን አልወጣም። የራሳችንን ቤተ ክርስቲያን! የጻፍኩት ማስታወቂያ ሠራ፤ የተጻፈውን ቃል በቃል የፈጸመችው በዓለም ላይ አንድ ሰው ናት፣ እሷም የእኔ እትዬ። ያን ጧት በባለቁልፉ ላይ የነበረኝ ንዴት ግማሹ ዞሮ እኔው ላይ ተቀመጠ፤ ከሌላው ሰው ንዴት ይልቅ የራስ ንዴት መቀመጫ ሲያሳጣ ነው የሚውለው።

ከዚያ በኋላ ባለው ረቡዕ አንድ ብስክሌተኛ ወረቀቱን ፎቶ እያነሣ "እንዴት የሚያምር ጽሕፈት ነው! ምን ይላል?" አለኝ።

"እባክዎ ቤተ ክርስቲያን አይሂዱ ይላል" አልኩት።

ሰውዬው በሳቅ ሊፈነዳ ደረሰ። ባለቁልፉ ከበስተኋላዬ ነበሩ። ቁልፉ ሲንሿሿ ሰምቼ ዞርኩ።

"እንደሱ አይልም" አሉኝ።

"ልክ እንደሱ ነው የሚለው። ቃል በቃል።"

"እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው ይሰበሰባል። መጥተሽ ይህንኑ ለእነሱ ንገሪ" አሉ። የተቆጡ ይሁኑ የፈሩ አልገባኝም። እሳቸው ፊት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው።

እሑድ አባቴ ወሰደኝ። ኮሚቴው አምስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከኋላ ባለው አዳራሽ ክብ ጠረጴዛ ከብበው ብስኩት ይበላሉ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ እኛ ቤተ ክርስቲያን መሳም የምንለው መሄድን ጭምር እንደሆነ፣ በራቸው ላይ አንድ ወር ሊሞላው ምንም ያልቀረው ጽሑፍ ሰውን ከክርስትና የሚያባርር እንደሆነ። ኦርጋን የሚመቱት ሴትዮ ብስኩቱ ትን እስኪላቸው ሳቁ፤ ጎረቤታቸው ጀርባቸውን መታ መታ አደረጓቸው።

አንድ መላጣ ሰውዬ "እፎይ" አሉ። "እንግዲያው አባባል ነው ማለት ነው። ሴትዮዋ በእውነት አይስሙትም። ወረቀቱን እናንሣው፣ አለቀ።"

አለቀ! አዎ ብል አልቆ ነበር። ሁሉም ፈገግ ብለው "አዎ" እስክል ይጠብቁኛል። ወረቀቱ ይነሣል፣ ሰዓቴ ይፈረማል፣ ማንም አያፍርም። ግን እትዬ ተመልሰው ከመጡ ምን ሊያደርጉ ነው? በሩን እያዩ ሊቆሙ?

"አይደለም" አልኩ። "አባባልም ነው፣ በእውነትም ትስመዋለች። ቤተ ክርስቲያን ነዋ! እዚህ ውሻ ሲሸና ማስታወቂያ አልተለጠፈም። ግድግዳው ላይ ብስክሌት ሲደገፍ አልተለጠፈም። እሷ አጎንብሳ፣ ጫማዋን ጠርጋ፣ ማክሰኞ ነጠላዋን ተኩሳ ነው የምትመጣው። አሁን መምጣት ትታለች። የራሳችንን ቤተ ክርስቲያን እንኳን ትታለች። እናንተ ናችሁ ያስተዋችኋት፣ እኔ ደግሞ ጻፍኩላችሁ!" ድምፄ መሐሉ ላይ ተሰበረብኝ፤ እሱም አናደደኝ።

ባለቁልፉ፣ ጠረጴዛውን እያዩ፣ በሩ ከእንግሊዝ አገር በመርከብ የመጣ መሆኑን ተናገሩ። መጣጥፉ ላይ አለ፣ አውቀዋለሁ። ቀጥለው ግን መጣጥፉ ላይ የሌለውን ተናገሩ። ከላዩ ላይ የድሮውን ቀለም ልጠው፣ አሽተው፣ ዘይት ያጠጡት እሳቸውና ባለቤታቸው ናቸው፤ ሁለት ክረምት ፈጀባቸው። "የታችኛውን ግማሽ እሷ ነች ያሸችው። እኔ ጎንበስ ማለት አልችልም ነበር" አሉ። ባለቤታቸው አሁን የት እንዳሉ ማንም አልጠየቀም። ግቢው ውስጥ አዲስ ድንጋይ አንድ ነው ያለው፤ በየሳምንቱ ቅጠል የምጠርገው እኔ ነኝ።

ይህን መስማት አልፈለግኩም ነበር። የተናደደ ሰው እንደዚህ ዓይነት ነገር ሲነገረው ፍትሐዊ አይደለም። ምልክቶቹ ያሉት ደግሞ በታችኛው ግማሽ ጫፍ ላይ ነው፤ እትዬ አጭር ናቸው።

ኦርጋን የሚመቱት ሴትዮ "የግቢውስ በር?" አሉ። "እሱን ማንም አላሸው፣ ማንም ዘይት አላጠጣው። ወፍ እንኳን እንደፈለገች ታደርገዋለች።" እጅ አወጡ። አምስቱም። ለእትዬ ወፍ የምታበላሸውን በር ፈቀዱላቸው! አመሰግናለሁ አላልኩም።

ሲወጡ ባለቁልፉ ወረቀቱን ሊያነሡ ፕላስተሩን ሳብ አደረጉ። ፕላስተሩ ከነዘይቱ፣ ከነልስላሴው ተላጠ። አንድ ማዕዘን፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ በሩ ላይ አራት የገረጡ ቁስሎች ቀሩ። ቫዝሊኑ ከአጠገባቸው በጨርቅ ጠፍቶ ኖሯል፣ ምልክቱ እንኳን አይታይም። ባለቁልፉ አውራ ጣታቸውን አንደኛው ቁስል ላይ አድርገው ቆሙ። እኔ የምለው ነገር ነበረኝ። ከበቂ በላይ ነበረኝ። አባቴን ፍለጋ ሄድኩ።

እቤት ስደርስ ለእትዬ እየተንጨረጨርኩ ነገርኳቸው። "በሩን አይደለም የፈቀዱት፣ በሩን ነው!" አልኩ፣ እንግሊዝኛው ለሁለቱ ሁለት ቃል አለው፣ አማርኛዬ ግን አጥሮኝ።

"ምንድን ነው የምትዪው? በር በር ነው።"

"የግቢውን እኮ ነው፣ እትዬ! የውጭውን! መንገድ ላይ ያለውን!"

"ታዲያ አገር ቤትስ ጧት ጧት የምስመው የቱን ሆነና? ለሥራ የምሮጥ ሰው እስከ ቤተ መቅደሱ እሄዳለሁ? ከግቢው በር ተሳልሜ ነው የማልፈው። እዚያኛው ድረስ የዘለቅኩት አንቺ እየመራሽ ስላስገባሽኝ ነው፤ የኔው ልጅ ባለሥልጣን ሆነች ብዬ ነው።"

"መናደድ አለብዎት!"

"ተናድጄ ነበራ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ። አይበቃም?" አሉ። ነጠላቸውን ግን ማክሰኞ ማታ ድረስ አላነሡም፤ አነሡ አላነሡ እያልኩ ቁም ሳጥኑን ስመለከት ነው የሰነበትኩት። ማክሰኞ ማታ ካውያ ሰኩ።

ረቡዕ ገና ከመኪናው ሳንወርድ ባለቁልፉን አየኋቸው። የግቢው በር አጠገብ ባልዲና ጨርቅ ይዘው ቆመዋል፤ ምሰሶውን ያሻሉ። ደሜ ፈላ። ገና ሳትስመው ሊያጸዱ! ወይ ደግሞ ስማ ዞር እንዳለች ሊጠርጉ! ሮጬ ደረስኩ። ምሰሶው ላይ፣ ልክ በእትዬ ቁመት፣ ጣት የሚያህል ቤት አልባ ቀንድ አውጣ ተለጥፎ ኖሯል። በቅጠል ይዘው ቀስ አድርገው አላቀቁት፣ አጥሩ ማዶ አስቀመጡት፣ ዝልግልጉን በጨርቁ ጠረጉት። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ጎን ቆሙ። ምን ዓይነት ፊት ማሳየት እንዳለባቸው አያውቁም ነበር፤ እኔም አላውቅም።

እትዬ ደረሱ። የቀኙን ምሰሶ በግንባራቸው ነኩት፣ ሳሙት። ወደ ግራው ሲሻገሩ ነጠላቸውን ያዝ አደረግኳቸው።

"እትዬ፣ አንዱን ብቻ ይሆናል የፈቀዱት።"

"መልአኩ ሁለት ክንፍ ነው ያለው" አሉና የግራውንም ሳሙ። ሲጨርሱ ወደ ባለቁልፉ ዞረው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። "በይ፣ መልአኩ ይጠብቅዎት በያቸው።"

ተረጎምኩ። ይህንን እስከ መጨረሻው፣ ማን እንደሚጠብቅ፣ ማንን እንደሚጠብቅ፣ ለምን እንደዚያ እንደሚባል ሁሉ፣ ብስክሌተኛ ቢመጣ ባይመጣ ግድ ሳይኖረኝ ጨረስኩት። ባለቁልፉ ራሳቸውን ነቅነቅ ነቅነቅ አደረጉ። ከዚያ፣ እንዳው አይማሩም፣ "ምናልባት እዚህ ምሰሶ ላይ አዲስ ጽሑፍ ብናደርግ? ወዳጃዊ የሆነ። አንቺ ትጽፊዋለሽ" አሉኝ።

"ምንም አይለጠፍም!" ብዬ ጮህኩ። ከንዴቴ ብዛት የወጣው በአማርኛ ነው።

ባለቁልፉ ግራ ገባቸውና እትዬን አዩአቸው፤ ምን አለች ለማለት ነው። እትዬ አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ ለማንም ፈረንጅ ቃል ተናግረው አያውቁም። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ኖ ፔፐር" አሉ።

"ኦኬ" አሉ ባለቁልፉ። "ኖ ፔፐር።" ባልዲያቸውን አንሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።